በእናት በኩል ሲቆጠር

ዐርዶ ጅግጅጋ ተወልዳ እዚያው ባዮሎጂ የምታስተምር ሴት ናት። እኔ ከጎኗ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ «ትምህርትሽ ወሬ ይበዛበታል» እያልኩ አበሽቃታለሁ። ዘንድሮ ግን እናቷ ወይዘሮ ኢዲል ልባቸው ደክሞ ከተኙ ወዲህ ቀልዱን ትቼዋለሁ። ሐኪሙ ብዙ እንደማይቆዩ ለቤተሰቡ ነግሯል።

በዚያ ሰሞን ሴል እንዴት ጉልበት እንደሚያገኝ ታስተምር ነበር። ግድግዳችን ስስ ስለሆነ ሁሉን እሰማለሁ።

«ከምግብ የሚገኘውን ግሉኮስ ደም ለሴሉ ያደርስለታል። ሴሉ መጀመሪያ ለሁለት ይሰነጥቀዋል፤ ከዚህ የሚገኘው ጉልበት ጥቂት ነው። ዋናው ሥራ ማይቶኮንድሪያ በሚባሉት የሴሉ ክፍሎች ውስጥ ነው። በምንተነፍሰው ኦክስጅን አማካይነት የቀረው ይፈራርሳል፤ ጉልበቱ ኤቲፒ በሚባል ነገር ይያዛል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይወጣል። ልብ የሚመታው በዚህ ነው» አለች።

ቀጥላ፣ «ማይቶኮንድሪያውን ከማን ወረሳችሁ?» ስትል ጠየቀች።

እዚህ አገር ልጅ አፉን ከፈታ ጀምሮ አብቲርሲ፣ የአባቶቹን ስም ወደ ላይ መቁጠር፣ ይማራል። አብሽር የሚባል ተማሪ ተነሥቶ ቅድመ አያቶቹን ሁሉ አንበለበላቸው።

«የለም» አለችው። «እሱ የሚመጣው በእናት ብቻ ነው። ከእናትህ፣ ከእናትህ እናት፣ ከእሷም እናት።»

«ቲቸር፣ የእርስዎ እናት እናትስ ማን ይባላሉ?»

ዐርዶ ስማቸውን አታውቅም። አያቷ የሞቱት እሷ ሳትወለድ ነው። ልጁን ኩርኩም ባቀምሰው ደስ ባለኝ፤ ደግሞ ምን አጠፋ?

ከሥራ ስንወጣ በሽተኛዋን ልጠይቅ አብሬያት ሄድኩ። ወይዘሮ ኢዲል ትንፋሻቸው አጥሮ ትራስ ተደግፈዋል። ዐርዶ ገና ሳትቀመጥ በሶማሊኛ፣ «ሆዮ፣ እማዬ፣ እናትሽ ስሟ ማን ነበር?» አለቻቸው።

አሮጊቷ ዐይናቸውን ገለጡ። «ዴቃ። ካገባሁ ወዲህ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።» ፊታቸው ፈካ። «አፍደም ባቡር ጣቢያ ወተት ትሸጥ ነበር። እንዳንቺ ቁጡ ነበረች።»

ዐርዶ እያለቀሰች ሳቀች።

«የዴቃ እናትስ?»

ወይዘሮ ኢዲል የልጃቸውን እጅ ያዙ።

«እኔም አልጠየቅኳትም፣ ልጄ።»