እንቅልፍ የሚያመጣ ጩኸት

ከሰበታ ወጣ ብሎ ባለው የወንዝ ዳር መናፈሻ እኛ የአንድ አጥቢያ ሰዎች ድንኳን ስንተክል፣ አንዲት ሴት ብቻዋን መጣች። ሰማያዊ የፋብሪካ ጋውኗ ላይ ሹራብ ደርባለች፤ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ ቀርቷል። ድንኳኗን ተሸክማ ውሃው ከድንጋዮቹ ጋር እየተላተመ ወደሚጮህበት ጥግ አመራች።

የመናፈሻው ጥበቃ ኦቦ ሊቤ ተጣሯት። "ልጄ፣ እዚያ ጩኸቱ አያስተኛሽም! ከዛፎቹ ሥር ጸጥ ይላል።"

"ጸጥታውን ሸሽቼ ነው የመጣሁት፣ አባባ" አለች እየሳቀች። "ሌሊቱን ስሠራ የማድረው ፋብሪካው ፈትል ክፍል ነው። ማሽኑ ዝም ካለ ክር ተበጥሷል ማለት ነው፤ ሮጬ እቀጥለዋለሁ። ቀን ቤቴ ስተኛም ሰፈሩ ጸጥ ሲል ብድግ እላለሁ። ዛሬ ግን እንቅልፌን ሳልጠግብ አልመለስም።"

"ሰው ለሽርሽር ይመጣል፣ አንቺ ለእንቅልፍ!" አሉና ካስማውን ራሳቸው መቱላት።

እኩለ ቀን ላይ ውሃ ልቀዳ ሳልፍ የድንኳኗ በር እንደተገለጠ ነው። በጎኗ ተኝታለች። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ግን የተበጠሰ ክር የሚቀጥሉ ይመስል ይፈተጋሉ። ወጣቶቻችን መዝሙር ጀምረው ስለነበር ዝም ላሰኛቸው ዞርኩ፤ ወዲያው የተናገረችው ትዝ አለኝ።

"እንዲያውም ከፍ አድርጉት!" አልኳቸው።

ጭብጨባው ሲደምቅ ጣቶቿ ቀስ በቀስ ተላቀቁ፤ እጇም ተዘርግቶ፣ መዳፏ ወደ ላይ እንደተከፈተ ቀረ። እኔም ተመስገን ብዬ ውሃዬን ቀዳሁ።