ከሰባት እሺ በታች ያለው ቦቲ

የመጀመሪያ ዓመት የሥዕል ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ የተሰጠን የዓመት ሥራ «የባሕር ዳርቻን በረቂቅ ሥዕል አሳዩ፤ ለተፈጥሮ ያላችሁ ስጋት ይታይበት» የሚል ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ሦስት አስተማሪዎች ሥዕላችን ፊት ቆመው ማን ወደ ሁለተኛ ዓመት እንደሚያልፍ ይወስናሉ። እኔ ደግሞ የግድ ማለፍ ነበረብኝ። ከቤታችን ኮሌጅ የገባሁ የመጀመሪያዋ ስለሆንኩ እናቴ ለሰፈራችን ለሮቫ ዩድ-አሌፍ ሰው ሁሉ አውርተው ጨርሰዋል። ብወድቅ ሰፈር መቀየር ሊኖርብን ነው።

የስጋት እጥረት አልነበረብኝም። አባቴ የአሽዶድን ባሕር ዳርቻ ከሚያጸዱት ሠራተኞች አንዱ ናቸው። ሰው ቅዳሜ ተዝናንቶ ጥሎት የሚሄደውን እሑድ ማለዳ እሳቸው ያነሡታል። ከሥራ ሲመለሱም ያገኙትን እንደ ዜና ይዘረዝሩልናል፦ የሐብሐብ ልጣጭ፣ ዳይፐር፣ ከመርከብ የፈሰሰ ዝፍት። አንድ ቀን ብርቱካንማ የዓሣ አጥማጅ የጎማ ቦቲ አገኙ። አንድ እግር ብቻ ነው፤ ውስጡ ሸርጣን ገብቶበት ነበር።

ያንን ቦቲ ሣልኩት። ከኋላ ባሕሩ፣ የወደቡ ክሬኖችና የኃይል ማመንጫው ጭስ ማውጫ፣ ከፊት ደግሞ ቦቲው። ሸራውን አቅፌ ከአድ ሃሎም ጣቢያ በባቡር ወደ ኮሌጁ ወሰድኩት።

የመጀመሪያዋ አስተማሪዬ ዐይናቸውን ጨፈን አድርገው አዩት።

«በሥዕልሽ ብዙ ታወሪያለሽ» አሉ። «ቦቲ ቦቲ መምሰል የለበትም።»

«እሺ» አልኩ። በዕብራይስጥ «ቤሴደር» ነበር ያልኩት፤ ነገሩ ግን እሺ ነው።

በቤታችን ታላቅ ሲናገር ልጅ መሬት መሬቱን እያየ እሺ ይላል። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ኮሌጅ ውስጥ ግን ተማሪዎች አስተማሪውን በስሙ ይጠሩታል፤ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው «አልስማማም» ይሉታል፤ እሱም ደስ ይለዋል። እኔ በስም መጥራት ስላቃተኝ እስከ ዛሬ ማንንም ጠርቼ አላውቅም። ዞር ብለው እስኪያዩኝ አጠገባቸው ቆሜ እጠብቃለሁ። አንድ ጊዜ ሩብ ሰዓት ቆሜያለሁ፤ ለካ ስልክ እያወሩ ነበር።

ቦቲውን ብርቱካንማ እድፍ አደረግሁት። ሁለተኛው አስተማሪ ታጣፊ ስልካቸውን እየከፈቱና እየዘጉ መጡ። «ይህ ቀለም ይጮኻል። ስጋት ማንሾካሾክ አለበት» አሉ። ስለ ባሕሩ ሥቃይ ጥቂት ካብራሩልኝ በኋላ የጠጡበትን የፕላስቲክ ኩባያ መስኮቱ ላይ ትተውልኝ ሄዱ። እሺ ብዬ እድፉን በግራጫ ሸፈንኩት፤ ኩባያውንም ጣልኩላቸው።

ሦስተኛዋ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። «አንቺ ራስሽ የት አለሽ? የመጣሽበት ቀይ አፈር የት አለ?» እኔ የተወለድኩት ወላጆቼ በሱዳን በኩል ከመጡ በኋላ፣ እዚሁ አሽዶድ ነው። የማውቀው አፈር አሸዋ ነው። እሺ አልኩና ባሕሩ ዳር ቀይ አፈር ደፋሁ። በሳምንቱ የመጀመሪያዋ ተመልሰው «ይህ ዝገት ነው?» አሉኝ። «እሺ» አልኩ። ጥያቄ መሆኑን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ክሬኖቹም ሄዱ። ጭስ ማውጫውም ሄደ። ሰማይና ባሕሩን የሚለየው መስመር «ሐሳብን ያጥራል» ተብሎ ሄደ። ሰባት ጊዜ እሺ አልኩ፣ ሰባት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁ፤ በመጨረሻ እንዳደረ አጥሚት የረጋ ግራጫ ቀረልኝ። ሦስቱም ወደዱት። «በስለሻል» አሉኝ።

ለፈተናው ሳምንት ሲቀረው ሸራው እንዲደርቅ ወደ ቤት አመጣሁት። ከአውቶቡስ ማቆሚያው አባቴ ተቀበሉኝ።

«ምን ጨምረሽበት ነው እንዲህ የከበደው?»

«ስጋት ነው፣ አባዬ።»

ሳሎን ውስጥ ግድግዳ አስደገፍነው። የሥራ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ፊቱ ተቀመጡ።

«ምንድን ነው?»

«ባሕሩ።»

«የኛው ባሕር? ሰውስ የት አለ?»

«ሰው የለውም።»

«ቆሻሻውስ?»

«በስሜት ደረጃ አለ።»

«ቦቲዬስ?»

ግራጫውን በጣቴ አሳየኋቸው።

«የኔ ልጅ» አሉ፣ «እኔ በሦስት ሰዓት የማጸዳውን ዳርቻ አንቺ በሦስት ወር አጸዳሽው። ለአሠሪዬ ለካብላኑ ልንገርልሽ፤ ሠራተኛ ይፈልጋል።»

እናቴ ከወጥ ቤት «ልጄን ተዋት! ተምራ ነው!» ብለው ጮኹ።

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አባቴ ግንባራቸውን ያዙ።

«እሺ ማለትሽስ ደግ። እሺ ካልሽ በኋላ ለምን አደረግሽው?»

«ብያለኋ።»

«እኔ ካብላኑን በቀን ሠላሳ ጊዜ ቤሴደር እለዋለሁ። ከወደቡ በኩል ጀምር ይለኛል፤ ቤሴደር! መኪናው ሲሄድ ነፋሱን አይቼ በማውቀው በኩል እጀምራለሁ። እሱም ንጹሕ ዳርቻ ያገኛል፣ እኔም ሰላም አገኛለሁ። እሺ የአፍ ነው። ወደ እጅሽ አውርጂው ያለሽ ማነው?»

ካስተማሩኝ ሥነ ሥርዓት የደረሰኝ ግማሹ ብቻ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

በማግስቱ የቀለም ቢላዬን ይዤ ቦቲው የነበረበትን ቦታ መፋቅ ጀመርኩ። ሦስቱም የወደዱትን፣ የሚያሳልፈኝን ሥዕል እየቦጨቅሁ እኮ ነው! መጀመሪያ ግራጫው ተነሣ፤ ቀጥሎ ያ የማላውቀው ቀይ አፈር፤ ከዚያ ብርቱካንማው ብቅ አለ። ተረከዙ እስኪታይ ፋቅሁት።

የፈተናው ቀን ሦስቱ ሥዕሉ ፊት ቆሙ።

«መፋቁን የመከርኳት እኔ ነኝ» አሉ የመጀመሪያዋ። መክረውኝ አያውቁም።

«አሁንም ይጮኻል» አሉ ሁለተኛው።

ሦስተኛዋ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። «ይህ ብርቱካንማ ቀለም ከአፍሪካ የመጣ ነው፤ አይታያችሁም?»

ከአንድ ዓሣ አጥማጅ እግር የመጣ ነው። ግን ማን ጠየቀኝ?

ጥቂት ተንሾካሾኩና «አልፈሻል» አሉኝ። «ብቻ ለኤግዚቢሽኑ ከመሰቀሉ በፊት ያን ብርቱካንማ ሸፈን አድርጊው።»

መሬት መሬቱን እያየሁ «እሺ» አልኩ።

ሥዕሉ አሁን ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ቦቲውም እንዳለ ነው። እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም። አባቴ የሰንበት ልብሳቸውን ለብሰው ሊያዩት መጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ብዙ ቆዩ።

«የግራ እግር ነበር» አሉ። «አንቺ የቀኝ አድርገሽዋል። አስተካክዪው።»

«እሺ፣ አባዬ» አልኳቸው።

ወዲያው ዞር ብለው ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ።