የሰሊጥ ዘይት የጠጣው ምላጭ

ገዳሪፍ ሥራ የገባሁ ቀን መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ የሰው ሱረት መድፋት ነበር።

አሠሪዬ አያ ደሴ ይባላል። ሱዳኖቹ «ኡስታ» ነው የሚሉት፣ ባለሙያ ማለታቸው ነው። ወርሻው፣ የሥራ ቤታችን ማለት ነው፣ ከገበያው ጫፍ፣ ሎሪዎች ከሚቆሙበት አጠገብ ነበረች፤ አራት እንጨትና አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ። እኔ ያኔ ከደርግ ሸሽቼ በገላባት በእግሬ የገባሁ ልጃገረድ ነኝ። የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ወናፍ ሲያስነፋኝ ነው ያደግሁት ስለው መዳፌን ገልብጦ አየና «ተቀመጪ» አለኝ። በቃ፣ ተቀጠርኩ።

«የዚህ ቤት ሕግ አንድ ነው» አለ። «እዚህ የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ በላምባ ይታጠባል። ያልታጠበ አልነካም።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም አልኩሽ እኮ!»

እኔ ምን አውቃለሁ! አንድ ሽማግሌ ማጭድ ሊያስል መጣ። ማጭዱን አኖረ፣ ከጎኑ አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ አኖረ። ማጭዱን አጠብኩ። ቆርቆሮዋንም ከፈትኩና ውስጧ ያለውን ዱቄት ደፍቼ፣ በላምባ ፈትጌ እንደ መስተዋት አበራኋት። ለካ ሱረቱ ኖሯል። ሚስት የሞተችበት ሰው እንደሱ አይጮህም!

አያ ደሴ ሲስቅ ሞረዱ ከእጁ ወደቀ። «ይቺ ልጅ ሕግ ታከብራለች» አለ። ያን ቀን ስቆ ባያልፈኝ፣ ሁለት ጥፊ ቢለኝ ኖሮ፣ ኋላ ያ ጉድ ባልመጣብን ነበር።

አገር ቤት ብረት የሚነካ ሰው ቡዳ ነው ይባላል፤ ጎረቤት ልጁን ይሸሽግብሃል። ገዳሪፍ ግን የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ማን ዓይንህን ይፈራል! «ማጭዴን ቶሎ ሳዪልኝ እንጂ ብትፈልጊ ብዪኝ» ያለኝ አለ። አየሁት፤ ስጋው ጥቂት ነበር፣ ተውኩት።

ማዕረጋችን ሦስት ነው። ወናፍ ነፊ፣ አጣቢ፣ ሞረድ ያዥ። ከሞረድ ያዥ በላይ አያ ደሴ ብቻ ነው ያለው፤ ከሱ በላይ እግዜር። እኔ ሱረቱን ከደፋሁ በኋላ ወደ ወናፍ ወርጄ ሁለት ዓመት ነፋሁ፣ ከዚያ እንደገና አጣቢ ሆንኩ። ሞረድ እንዳልይዝ ምክንያቱ ሴትነቴ ነው። «እጅሽ ደህና ነው፣ ደንበኛው ይስቃል» ይለኛል። «እኔም እስቅበታለሁ፣ እኩል ነን» እለዋለሁ።

የሚመጣልን ሥራ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ካሮ የሚሉት የአህያ ጋሪ ነው። ጠመንጃም ይመጣል፣ ጮክ ተብሎ አይወራም እንጂ። አብዛኛው በእጅ የተሠራ ነው፤ ቧንቧው ከአንዱ፣ እንጨቱ ከሌላው፣ ሞላው ከአሮጌ መኪና። አያ ደሴ እነሱን አይወድም። «የፋብሪካ ጠመንጃ እህት አላት» ይላል። «ስትታመም እህቷን አይተህ ደዌዋን ታውቃለህ። የቤት ሥራ ግን የብቻ ልጅ ነው፤ አመሉን የሚያውቀው አሳዳጊው ብቻ ነው።» ይቺን ንግግር ሺ ጊዜ ሰምቻታለሁ። አንድም ቀን ግን ልብ አላልኳት!

አንድ ቀን በሰሊጥ አጨዳ ወራት አያ ደሴ ብረት ሊገዛ ወጥቶ ብቻዬን ቁጭ ብያለሁ። ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው ሙጬ ነው፣ የኛ አገር ሰው፣ መፋዛ አጠገብ የሰሊጥ እርሻ ይጠብቃል። ፊቱ አመድ መስሏል። ሁለተኛው ሀሰን የሚባል አረብ ነው፣ የሼክ በሺር ታናሽ ወንድም። ሼኩ የዚያ ቀዬ የግመል ጌታ ነው። ሀሰን በጆንያ የተጠቀለለ የቤት ሥራ ጠመንጃ ይዟል፣ ጥይቱ ወጥቷል።

«እትዬ የሺ፣ ውሃ» አለ ሙጬ። ወደ እንስራው ላክሁት። እሱ ውሃውን ጠጥቶ እስኪመለስ እኔ ጠመንጃውን ፈትቼ፣ የውስጡን ብረት ሁሉ ላምባ ውስጥ ነክሬ፣ በብሩሽ ፈትጌ፣ ጠርጌ፣ መልሼ ገጥሜዋለሁ። ጎበዝ ነኛ! ሕጉ ይኸው ነው። ምላጩ ሥር ጥቁር ዝፍት የመሰለ ነገር ተጋግሮ ነበር፣ እሱንም አንድ ሳላስቀር አነሳሁት።

አያ ደሴ ሲመለስ ነው ነገሩን የሰማሁት።

ሙጬ ከርከሮ ሰሊጡ ውስጥ ገባብኝ ብሎ ጠመንጃውን አቀባብሎ ይዞ ቆሟል። ሀሰን በግመል ያልፋል። ቀደም ብለው ግመሎቹ ሰሊጥ በሉ አልበሉ ተጣልተዋል። ሙጬ ሰደፉን መሬት ላይ አሳርፎ ሰላም ሊለው ሲል ጠመንጃው ጮኸ። ጥይቱ የግመሉን ጆሮ በስቶ አለፈ፤ ከሀሰን ራስ አንድ ክንድ አይርቅም።

«ምላጩን አልነካሁም» ይላል ሙጬ። «በማርያም፣ አልነካሁም!»

«ሊገለኝ ነው» ይላል ሀሰን።

ሼክ በሺር ደግሞ እንዲህ ብሎ ልኳል። ጠመንጃው ወደ ኡስታው ይሂድ። በራሱ ይተኩሳል ከተባለ በዓይኔ ልየው። ካላየሁ ሰውየው ሆነ ብሎ ነው የተኮሰው፣ ለፖሊስ እሰጠዋለሁ። ፖሊስ ማለት ገላባት ነው። ከገላባት ማዶ መተማ ነው። መተማ ደግሞ ሙጬ ከደርግ ሠራዊት ከድቶ የጠፋ መሆኑን የሚያውቁ ሰዎች ስሙን ይዘው ተቀምጠዋል። ከተሻገረ አለቀለት። ሚስቱ ለምለም ደግሞ እርጉዝ ናት።

አያ ደሴ ባዶውን ጠመንጃ አቀባበለ። ሰደፉን መሬት ላይ መታ። ምንም። አወዛወዘው፣ በመዳፉ ጠፈጠፈው፣ ደግሞ ደጋገመው። ምንም! ጠመንጃው እንደ ዲያቆን ጨዋ ሆኖ ቁጭ አለ።

ሀሰን ሳቀ። «ኸላስ፣ አለቀ፣ ኡስታ። ብረቱ ራሱ መሰከረ።»

አያ ደሴ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «የሺ፣ ይሄ ነገር ታጥቧል?»

«ታጥቧል» አልኩ፣ በኩራት።

«ምን ነበረበት?»

«ዝፍት የመሰለ ነገር።»

«የታለ?»

ወደ ላምባው አመለከትኩ። አያ ደሴ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ያኔ ገባኝ። የሰውየውን ምስክር በብሩሽ ፈትጌ ደፍቼዋለሁ! ሱረት እንኳ ይገዛል፣ ይሄ ከየት ይገዛል?

ላብ አጠመቀኝ። ላቤን ልጠርግ እጄ ላይ ያለውን ጨርቅ ወደ ፊቴ አመጣሁት፣ ያንኑ ብረቱን የጠረግሁበትን። ሸተተኝ። ላምባ ነው፤ ከላምባው ሥር ግን ሌላ ሽታ አለ። የማውቀው ሽታ።

«ሙጬ» አልኩት፣ «ይሄን ጠመንጃ በምን ነው የምትቀባው?»

አንገቱን ደፋ።

«ንገረኝ አንተ! መተማ ሄደህ ልትነግራቸው ነው?»

«ለምለም ናት የምትቀባው» አለ ቀስ ብሎ። «እንዳይዝግብኝ ብላ። በሰሊጥ ዘይት። ጠጉሯን የምትቀባው ሲተርፍ።»

«ታዲያ ሹሩባስ አትሠራለትም ነበር?» አልኩት። ሳቁ አመለጠኝ፣ ምን ላርግ።

አያ ደሴ ግን ብድግ አለ። ዓይኑ በራ። ምላጩ ውስጥ አንዲት ጥርስ አለች፤ መቺውን ይዛ የምታቆም እሷ ናት። የሰሊጥ ዘይት በገዳሪፍ ፀሐይ ሲደርቅ ሙጫ ይሆናል። ሙጫው ላይ የአውድማ አቧራ ሲጣበቅበት ጥርሷ ሙሉ አትመለስም፣ በጫፏ ብቻ ትይዛለች። በጫፍ የተያዘ ነገር ደግሞ ትንሽ ሲነካ ይለቃል። ደዌው ይኸው ነው!

«ይሄ ወሬ ነው» አለ ሀሰን። «እናንተ የአንድ አገር ሰዎች ናችሁ። አሁን ገብታችሁ የፈለጋችሁትን ታደርጉና በራሱ ይተኩሳል ትሉኛላችሁ።»

እውነቱን ነው። እኔም ብሆን እኛን አላምንም። ለዚህ መልሱ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ አፌ ቀደመኝ።

«አንተ ራስህ ውሰደው» አልኩት። «ዘይቱን አንተ ቀባ፣ ከናንተው ቤት ዘይት። ጠዋት ማታ። ደጅ ስቀለው፣ ፀሐይና አቧራ ይምታው። ጥይቱን አርቀህ አስቀምጥ። ስምንት ቀን። ከኛ አንድ ሰው አይነካውም። በስምንተኛው ቀን እንመጣለን።»

አያ ደሴ አየኝ። ሀሰን አገጩን አሸ። «ዋላሂ፣ ካልተኮሰስ?»

«ያኔ እኔንም ከሙጬ ጋር አሻግሩኝ። መንገድ ላይ አስቀዋለሁ።»

እነዚያ ስምንት ቀናት እህል አልበላሁም። ለምለም በየቀኑ ትመጣለች፣ ሆዷን ይዛ በሩ ላይ ትቀመጣለች። አራተኛው ቀን ላይ «እኔ ነኝ የገደልኩት» አለችኝ። «አይ፣ አንቺ አሳመርሽው፣ እኔ ነኝ የገደልኩት» አልኳት። ትንሽ ሳቀች።

በስምንተኛው ቀን በሎሪ መፋዛ ገባን። ሼክ በሺር ከነሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ሙጬ መሬት ላይ። ያ ግመልም ከማዶ ታስሯል፤ የተበሳው ጆሮው ላይ አንዷ ሴት ቀይ ክር አስራበታለች። ሎቲ ቢያደርጉለት ይዳር ነበር።

አያ ደሴ ጥይት የሌለበት መሆኑን ለሁሉም አሳየ። አቀባበለ። ሰደፉን መታ። ያዘ! ደግሞ መታ። ያዘ! ሦስተኛ። ያዘ! ሙጬ ዓይኑን ጨፈነ።

ሀሰን ተነስቶ ጠመንጃውን ነጠቀው። «ይቅርታ ኡስታ፣ እሱ እንደዚህ አልነበረም የቆመው። እኔ ነኝ ያየሁት። እንደዚህ ነበር» አለ። አቀባበለ፣ ክንዱን ዘርግቶ ያዘው፣ ሰደፉን ዘንበል አድርጎ መሬት ላይ ጣል አደረገ።

ቀጭ!

ግመሉ እንኳ ማመንዠኩን ተወ።

«ሀሰን» አለ ሼኩ፣ «ጣትህ የት ነው?»

ሀሰን እጁን አየ። ሁለቱም እጆቹ ቧንቧውን ይዘዋል። ምላጩ ከጣቱ አንድ ክንድ ይርቃል። እንደገና አቀባበለ፣ እንደገና ጣለው። ቀጭ! ከዚያ እንደ ልጅ ደስ አለው፤ ሦስተኛም አራተኛም አምስተኛም ደገመው፣ ሁለቴ ለቀቀ፣ አንዴ ያዘ። ሽማግሌዎቹ በሳቅ ወደቁ። እኔ እልል አልኩ፣ ማን ይከለክለኛል!

ሼክ በሺር ግን አልሳቀም። «አንተ ሰው» አለው ሙጬን፣ «ልትገድል አልፈለግህም፣ አይቻለሁ። ግን አቀባብለህ የቆምከው አንተ ነህ፣ ዘይቱም የቤትህ ነው። ትቆያለህ። ጠመንጃው ግን አይቆይም።»

ሙጬ መሬቱን ሳመ። ሀሰን አንስቶ አቀፈው። በሚቀጥለው ወር ለምለም ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሀሰን ፍየል ጎትቶ መጣ።

ጠመንጃውን አያ ደሴ ወርሻው ውስጥ ቆራረጠው። እንጨቱ የመዶሻ እጀታ ሆነ። ቧንቧውን ወናፋችን አፍ ላይ ገጠመው፤ እኔ ከገዳሪፍ እስክወጣ ድረስ እሳት ሲነፋ ነበር። በማግስቱ ሞረዱን እጄ ላይ አኖረልኝ። ስለዚያ ነገር የተናገረው ይቺን ብቻ ነው። «ደንበኛው ይሳቅ።»

የወርሻውም ሕግ ተለወጠ። ላምባው ከበሩ ርቆ ጥግ ሄደ። የሚመጣ ነገር መጀመሪያ ይታያል፣ በነጭ ጨርቅ ይነካል፣ ይሸተታል። ባለቤቱ በምን እንደቀባው፣ ማን እንደቀባው፣ የት እንደሚያኖረው ይጠየቃል። ከዚያ ነው የሚታጠበው። አርባ ዓመት ብረት ነክቻለሁ፣ የማውቀው ይኸው ነው፤ የተበላሸ ነገር ሲመጣላችሁ ሳታዩት አትጠቡት።