ከዓይኗ ላይ የተነሳው ሞራ

በደርግ ዘመን፣ ከውርጌሳ እስከ ግራና ድረስ የቃል ፍቺ የቸገረው ሰው ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። ፊደል የለየሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ አስተማሪ አልነበረኝም። የወልድያ መምህራን እንኳ ስናገር ያዳምጡኝ ነበር።

ሞራ ማለት የከብትን ሆድ ዕቃ የሚሸፍን፣ እንደ ሻሽ የሳሳ ስብ ነው። ወደ ፀሐይ ሲያነሱት ብርሃን ያሳልፋል። አዋቂዎች በላዩ የተሰመሩትን ጅማቶች እያዩ ዝናብና ሞት ይናገሩበታል። ዓይን የሚጋርደው ነጭ ነገርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፤ መጀመሪያ የሰየመው ሰው ከብት ያረደ መሆን አለበት። ይህን ማንም አልነገረኝም። የባለቤቴን ዓይኖች አይቼ ራሴ ደረስኩበት።

ሁለቱም ዓይኖቿ የተጋረዱት አንድ ልጃችን ከመርሳ ገበያ ታፍሶ ወደ ጦር ሜዳ በሄደ በዓመቱ ነው። «ደሴ ሄደን እናስገፍፈው» ብላት፣ «ምን ላይበት?» ብላ እምቢ አለች።

በፋሲካ ቅርጫ ላይ፣ ሞራ የሚያነቡት ሽማግሌ ጎረቤታችን ሞራውን ዘርግተው ወደ ፀሐይ አነሱት።

«ዝናቡን ይተዉትና የልጄን መንገድ ይዩልኝ» አለች ባለቤቴ።

ሽማግሌው ሞራውን ዝቅ አደረጉት።

«ምነው አባባ፣ ዕውሯ እኔ ነኝ ወይስ አንቱ ነዎት?»

ሞራውን ከእጃቸው ወሰድኩት።

«አንተ ደግሞ ሞራም ታነባለህ?» አሉኝ።

«እኔ የማላነበው ምን አለ!»

የታየኝ ስብና ጅማት ብቻ ነበር። «መንገዱ ክፍት ነው፤ ይመጣል» አልኩ።

ባለቤቴ ነጠላዋን አጣፋች። «እንግዲያው ደሴ ውሰደኝ። ሲመጣ ፊቱን ልየው።»

አንደኛው ዓይኗ በራ። ከዚያ ወዲያ ውሎዋ በራፍ ላይ፣ ፊቷን ወደ አስፋልቱ መልሳ ሆነ። ደርግ ወድቆ የተበተነው ወታደር በዚያ ሲያልፍ የእያንዳንዱን ፊት አየች። ልጃችን አልነበረበትም።

«አንተ ያን ቀን ያየኸው የማንን መንገድ ነው?» አለችኝ አንድ ማታ። ሁለተኛ ስለ እሱ ጠይቃኝ አታውቅም። እስክትሞት ድረስ ግን ከበራፉ አልተነሳችም።

ሰው ምን ሠራህ ቢለኝ መልስ አላጣም። ያለ አስተማሪ ፊደል ለይቻለሁ። የሞራን ፍቺ ከሥሩ አውቄያለሁ። ማየት በቃኝ ያለችን ሴት ደሴ አድርሼ አንድ ዓይኗን አብርቻለሁ። በደጄ ብርቱካን ተክዬ ለፍሬ አብቅቻለሁ፤ ኋላ መንገዱን ስለከለላት በገዛ እጄ ቆርጬዋለሁ።