ኒኬሉ፣ ኮባልቱና የአባቴ ዓይን

አባቴ የዓይን ሞራቸውን ሊገፈፉ ከጉና ሥር ወደ ደብረ ታቦር የመጡት፣ እኔ አንድ ቁንጥር ግራጫ ዱቄት እረፍት በነሳኝ ሰሞን ነው። በዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጋለ ምድጃ ውስጥ ባለ ቱቦ በዚያ ዱቄት ላይ ሲያልፉ ሃይድሮጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆነው ይወጣሉ፤ ከዚያ ቅልቅል ነዳጅ መሥራት ይቻላል። ዱቄቱ ኒኬል ብቻ ሲሆን በጥቂት ሰዓት ጥላሸት ይወርሰውና ቱቦውን ይደፍነዋል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሽፎብኛል። አሁን ኮባልት ጨምሬበታለሁ፤ ጥላሸቱን ገና ሲፈጠር ያቃጥልልኛል የሚል ተስፋ ነበረኝ።

በቀጠሯቸው ቀን ጠዋት አባቴን ሐኪም ቤት አደረስኳቸው። ወረፋው ረጅም ስለነበር በስድስት ሰዓት እመለሳለሁ ብያቸው ወደ ቤተ ሙከራዬ ሄድኩ።

ጋዙን ከለቀቅኩት በኋላ እግሬ አላርፍ አለ። ከምድጃው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ግፊት መለኪያው እመላለሳለሁ። ቱቦው መደፈን ከጀመረ ግፊቱ ይጨምራል፤ አልጨመረም። መብራት ይጠፋብኛል ብዬ ደግሞ አምፖሉን ቀና ብዬ አያለሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን፣ ከደቡብ የመጣች ዝምተኛ ሴት፣ እኔ እጠብቀዋለሁና ሂድ አለችኝ። አላመንኳትም። ትንሽ ልየው አልኩ። ሰባት ሰዓት አለፈ፤ ስምንትም ሆነ።

በሩ ሲንኳኳ የግቢው ጥበቃ አባቴን ክንዳቸውን ይዞ ቆሟል። አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል፤ ጋቢያቸው አቧራ ለብሷል። ልጄ የሚያስተምርበት አድርሰኝ ብለው በባጃጅ መጥተው፣ ከበሩ ጀምሮ እየጠየቁ ነው የደረሱት። ስልኬን አወጣሁ፤ ሐኪም ቤቱ ሁለት ጊዜ ደውሎልኝ ነበር፤ ድምፁን አጥፍቼው አልሰማሁም።

"ይቅር ይበሉኝ አባዬ" አልኩ።

አልተቆጡም። ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡና በደህናው ዓይናቸው አዩኝ።

"አሞህ የቀረህ መስሎኝ ነው የመጣሁት" አሉ።

ለቴክኒሻኗ መዝገቡን ሰጥቻት፣ ግፊቱ ከፍ ካለ ጋዙን እንድትዘጋ ነግሬያት አባቴን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ ምን ስሠራ እንደዋልኩ ጠየቁኝ። ሚቴን ከላም እበትም እንደሚወጣ ነገርኳቸው። ካዳመጡ በኋላ እበት ለማሳ ከዋለ ይበቃል አሉ።

እኛ ከወጣን በኋላ መብራት ጠፍቶ ነበር። ቴክኒሻኗ ግን ጋዙን በወጉ ዘግታ፣ ቱቦውን በናይትሮጅን አጥባ፣ ሰዓቱን ሳይቀር ጽፋ ጠበቀችኝ። በማግስቱ በማለዳ ከፈትነው። ዱቄቱ ጫፉ ላይ ጠቁሯል፤ ቱቦው ግን አልተደፈነም። እንደገና መሞከር ነበረበት፤ እሷ ግን ያን ዕለት ጠዋት የአባቴ ፋሻ ስለሚፈታ ከሐኪም ቤት እንዳልቀር አስታወሰችኝ።

ፋሻው ሲፈታ ጎናቸው ነበርኩ። አባቴ ብርሃኑን ቀስ ብለው ለመዱት፤ ግድግዳውን፣ ነርሷን፣ ከዚያም እኔን አዩ።

"ከስተሃል" አሉኝ።