ምስክር የምታስቆጥረው መምህርት

መምህርት ጌታነሽን የማያውቅ ሰው ቁመቷን አይቶ ይንቃታል። ይናቃት፤ በኋላ ዋጋውን ያገኛል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በመንዝ፣ ቀየት አካባቢ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አብረን አስተምረናል፤ እሷ አማርኛ፣ እኔ ሒሳብ። የልጆቹ ጽሑፍ አያድርስ ነበር። ስለ በግ እርባታ ጻፉ ሲባሉ «በግ ጠቃሚ ነው። በግ በጣም ጥሩ ነው» ብለው እስክሪብቷቸውን ያስቀምጣሉ። እነዚሁ ልጆች ግን በኳስ ተጣልተው ሜዳ ላይ ሲካሰሱ ብትሰሟቸው! ዳኛ ይሰየማል፣ ምስክር ይቆጠራል፣ ከሳሽ አንደበቱ ማር ነው። የመንዝ ልጅ ሙግትን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው።

ጌታነሽ አንድ ቀን ቆማ ሰማቻቸውና በመምህራን ስብሰባ ላይ ነገሩን አመጣችው። ልጅ በየትኛውም ትምህርት ሲጽፍ እንደ ሙግት ይጻፍ፤ ቃሉን ይስጥ፣ ምስክር ይቁጠር፣ ተቃዋሚው የሚለውን ገምቶ ይመልስ አለች። በሒሳብም ጭምር። ሒሳብ ደግሞ ምን ምስክር ያሻዋል ብዬ ተቆጣሁ።

«መልሱ ልክ መሆኑን በምን አወቅህ? እሱን ይጻፉልሃ» አለችኝ።

እልኸኛ ናት፤ ካልጀመርክ ከክፍልህ በር ላይ አትነሣም። እያጉረመረምን ሁላችንም ጀመርን። ወር ሳይሞላ ገጽ ሙሉ የሚጽፍ ልጅ በዛ። ወሰንየለሽ የምትባል የሰባተኛ ክፍል ልጅ፣ ቤት የሚከደንበት የጓሳ ሣር ያለጊዜው አይታጨድ ብላ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስትጽፍ፣ ሣሩ ውስጥ የሚኖረውን አይጥ ሳይቀር ምስክር ቆጠረች። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ደግሞ ትክክል ነበረች።

ችግሩ፣ ልጆቹ ቤታቸው ገብተውም ምስክር መጠየቅ ያዙ። ወላጆች አጉረመረሙ። ግምገማ የማይቀርበት ዘመን ነውና ርዕሰ መምህሩ ፈሩ። በወላጆች ስብሰባ ይታይ፣ ወላጅ ካልወደደው ይቀራል፣ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ይመለሳል አሉ። ጌታነሽ ያን ሳምንት ምግብ አልወርድ አላት። እኔም፣ ያ ሁሉ ጭቅጭቄ የት እንደገባ እንጃ፣ አብሬያት ተጨነቅሁ።

በስብሰባው መጀመሪያ የተነሡት የወሰንየለሽ አባት አቶ መኳንንት ነበሩ። በርኖሳቸውን ሰበሰቡና ክሳቸውን አሰሙ። በጊቱን ጅብ በላት ብለው ለባለቤታቸው ሲናገሩ ልጅቱ ጣልቃ ገብታ ምስክር ይቁጠሩ አለቻቸው። በጊቱን ለካ በድብቅ ለእህታቸው ሰጥተዋት ኖሯል። በገዛ ቤታቸው ተረቱ። አዳራሹ በሳቅ አወካ፤ ጌታነሽ ግን መሬት መሬቱን ታያለች።

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንግዲህ ይቅር ማለትዎ ነው ወይ ብለው ጠየቁ።

አቶ መኳንንት ተቆጡ። «እንዴት ተደርጎ ይቀራል? እኔ የአባቴን መሬት የተረታሁት ነገሬን አሳምሮ የሚጽፍልኝ አጥቼ ነው። ታናሽ ወንድሟ ገና ሦስተኛ ክፍል ነው፤ እስከ አምስተኛ ምን ያስጠብቀዋል?»

ሳቁ ቆመ። ጌታነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ከዚያ ቀና ብላ የሦስተኛ ክፍሉን አስተማሪ በዓይኗ ትፈልግ ጀመር።