ከበሮው ደጃችን ሲደርስ

ልጅ ሳለሁ ነሐሴ ቤታችን የሚገባው በሙጫ ሽታ ነበር። አጎቴ ጋሽ ደስታ እንግሊዝ አገር፣ ዋይት ሲቲ በሚባለው ሰፈር፣ ከእኛው ጋር ይኖሩ ነበር፤ ማታ ማታ ከምንኖርበት ፎቅ ሥር ባለው ጋራዥ ውስጥ፣ በየዓመቱ አደባባይ ወጥቶ ለሚጨፍረው የሰፈሩ የካርኒቫል ክበብ የክንፍና የዘውድ ሽቦ ያጣምማሉ። እኛ ልጆች በአንዲት አምፖል ብርሃን ዙሪያቸውን ከበን፣ የብየዳው ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰው፣ ላባ እንለጥፋለን። ያኔ ሥራና ወሬ አይነጣጠሉም ነበር፤ እጁን ያሳረፈ ልጅ ተረት አይሰማም።

ተረቱ ደግሞ የጅብና የአህያ ሳይሆን የክበቡ ታሪክ ነው። ሚስ ሩቢ የሚባሉ የትሪኒዳድ ሴት ከአሮጌ መጋረጃ ልብስ ሰፍተው፣ የዘይት በርሜል አስቀጥቅጠው ከበሮ አድርገው እንዴት እንደጀመሩት ጋሽ ደስታ ይነግሩናል። እኔ የምወደው ግን የሁለተኛውን ዓመት ነበር። ሰልፉ እየጨፈረ ሲያልፍ አንድ ጥቁር የለበሰ ሰው ከቤቱ ወጥቶ እጁን ዘርግቶ ከበሮውንና መቺውን የጫነው ሎሪ ፊት ቆመ። እናቱ ሞታበታለች። ከበሮው እየጮኸ ማን ይስማው፤ ስድብ ተጀመረ፣ ግፊያ ተከተለ፣ ጠርሙስ ተነሣ። ጋሽ ደስታ ያኔ ለአገሩ ገና እንግዳ ነበሩ፤ ለማየት ብቻ ነበር የወጡት። ዘለው ሎሪው ላይ ወጡና የመቺውን ዱላ ከእጁ ቀሙት። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ በእኛ አገር ለቅሶ ቤት ደጅ ከበሮ አይመታም፣ ግድ ከሆነም ኀዘንተኛው ይጠየቃል አሉ። ሚስ ሩቢም ሄደው የኀዘንተኛውን በር አንኳኩና ፈቃድ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ኀዘን ያለበት ቤት ሲደረስ ከበሮው እንዲያርፍ፣ መሪውም ወጥቶ እንዲያስፈቅድ የክበቡ ሕግ ሆነ።

«መምታቱንማ ማንም ይመታል» ይሉ ነበር ሲጨርሱ፤ «ሙያው ማቆሙ ላይ ነው።»

ሚስ ሩቢ አርጅተው ወደ ደሴታቸው ሲመለሱ መሪነቱ ለማርሎን ደረሰ። ማርሎን ያኔ ወጣት ነው፣ ቁጡ ነው፣ ዓይኑ ከሰዓቱ አይነቀልም። አይፈረድበትም፤ የተመደበለትን ሰዓት ያሳለፈ ክበብ ዋናው መንገድ ላይ አይገባም፣ የዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ተረቱ ሲጀመር ግን ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ይሰካል። ጋሽ ደስታ ይከፋቸው ነበር። «ለዚህ ልጅ ጆሮ የሰጠው ለጌጥ ነው» ይሉን ነበር በአማርኛ።

አንድ ዓመት፣ ካርኒቫሉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ጋሽ ደስታ በተኙበት ቀሩ። እናቴ ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ዘርግታ ተቀመጠች። የክበቡ ሰው እየመጣ አለቀሰ፤ ማርሎን ብቻ ቀረ። እናቴ ድሮም ካርኒቫሉን አትወደውም፣ የወንድሜን ጤና የበላው እሱ ነው ትል ነበር። የሰልፉ ዕለት ጠዋት፣ «ዛሬ ደጄ ላይ ከበሮ የመታ፣ እግዜር ይይለት» አለች። ወርጄ ለማርሎን ልንገረው ብላት፣ «ንቅንቅ እንዳትይ። ያላወቀ መስሎሽ ነው?» አለችኝ።

ከመንገዱ ማዶ ጫፍ ከበሮው ሲጀምር መጋረጃው ሥር ተሸጉጬ ነበር። እየቀረበ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጩ ጀመር፤ ለቀስተኛው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭብጥ አድርጋ ይዛለች። እርግማኗን ፈራሁት፤ ከእርግማኑ ይልቅ ደግሞ ያ ሁሉ ተረት ከጋሽ ደስታ ጋር ሞቶ ይሆን ብዬ ሰጋሁ።

መስኮታችን ሥር ሲደርስ ቀጥ አለ። የሎሪው ሞተር ጠፋ። የሰው እግርና የላባ ኮሽታ ብቻ ቀረ፤ ከዚያ በራችን ተንኳኳ።

ማርሎን ነበር። ክንፉ በበሩ አልገባ ብሎት በጎኑ ቆሟል፤ ዘውዱን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል። ለቅሶ ያልመጣሁት ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው አለ። ሚስ ሩቢ ያኔ እንዳደረጉት ላስፈቅድ መጣሁ፤ አትለፉ ካሉን ሎሪውን አዙረን እንመለሳለን አለ። ለካ ማዳመጫው ውስጥ ዘፈን አልነበረም። ለእናቴ ተረጎምኩላት።

ከፍራሹ ሳትነሣ ከእግር እስከ ራሱ ደጋግማ አየችው። ከታች ሕዝቡ ቆሟል፣ ሰዓቱ ይሄዳል፣ ማርሎን ግን አንዴም ሰዓቱን አላየም። ላቡ የፊቱን የወርቅ ቀለም ይዞት ሲወርድ ትዝ ይለኛል። በመጨረሻ ተነሣችና የክንፉን ሽቦ በጣቷ ዳሰሰች።

«ይሄን ጋሼ ናቸው ያጣመሙት?»

ስተረጉምለት ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«እዚህ ከበሮ ሳትመቱ በእግራችሁ እለፉ። የመንገዱ ማጠፊያ ጋ ስትደርሱ ግን ምቱ፣ ጮክ አድርጋችሁ። እሳቸው ባይሰሙ እኔ እሰማላቸዋለሁ።»

ከበሮው ከማጠፊያው ሲነሣ መስኮቱን የከፈተችው ራሷ ናት። ያኔ ነው እንባዋ የመጣላት፤ እስከዚያ ደረቅ ነበር ዓይኗ።

ዛሬ እዚያው ጋራዥ ውስጥ ሽቦ የማጣምመው እኔ ነኝ። ማርሎን ሸብቷል፣ ማታ ማታ ለሰፈሩ ልጆች ተረቱን የሚያወጋው እሱ ነው፤ እናቴንም ተረቱ ውስጥ አስገብቷታል። እሷ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ይዋሻል፤ ገና በሩን ስትከፍት ፈቀደችልኝ ይላቸዋል። ፒንሳዬን አስቀምጬ አቋርጠዋለሁ። ወዲያው አልፈቀደችም እላቸዋለሁ። ክበቡ ሰዓቱ እያለፈበት፣ እስክትፈቅድ ድረስ ከበሮውን ይዞ ዝም ብሎ ቆሞላታል።